ነጭ ሸራ የለበሰችው መኪና

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ዛሬም አጠብኳት። ከሰኔ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም፤ ግን ከአሸንዳው የተፈናጠረ ጭቃ ጎማዋ ላይ አየሁና አላስቻለኝም። ሁለት ባልዲ ውኃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ። የጎማውን ዙሪያ በእንጨት ጫርኩ። መስተዋቱን በጋዜጣ ወለወልኩ። ከዚያ ነጩን ሸራ አልብሼ አራቱንም ጫፍ በሲባጎ አሰርኩ። ልጄ ይበልጣል በሕይወት እያለ የሚያጥባት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። እኔ ከሰኔ ጀምሮ በየቀኑ ነው። ጭቃ ውስጥ እንዳትገባ ብዬ ቁልፏንም ከባለቤቴ ከአያሌው የወሰድኩት ያኔ ነው።

ልጄ የኔነሽ ከደብረ ኤልያስ ደወለች። የሆዷ ሕፃን አልዞረም፣ በእግሩ ነው አሏት። «እማ፣ እዚህ አትውለጂ፣ ከበዓል በፊት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ግቢ ብለውኛል» አለች። አያሌው ወዲያው «ነገ እመጣለሁ» አላት። እኔ ደግሞ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ በሕዝብ መኪና ትምጣ» አልኩ።

አያሌው ሸራውን በእጁ አሳየኝ። «የራሳችን መኪና ቆማ፣ ልጄ ሆዷን ይዛ ተሳፋሪ መሃል ትጋፋ?»

«ገና አሁን መታጠቧ ነው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ አፈርኩ። ግን ቃሌን አልመለስኩም።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። አያሌው ቁልፉን ጠየቀኝ። የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ አልኩት። ከቅዳሴ መልስ ዋሸሁ። ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ነው።

ለማንም የማልነግረውን እዚህ ልጻፈው። ነገሩ ጭቃው አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ይበልጣልን ወደ ሆስፒታል የወሰደችው ይህችው መኪና ናት። ኩላሊቱ ነበር። ከኋላ ወንበር ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። በሦስተኛው ቀን እኔና አያሌው ብቻ ተመለስንባት። ይዛ የሄደችውን ሳትመልስ መጣች። የቀረችኝን አንዷን ልጄን ለእሷ አምኜ አልሰጥም። ታጥባ ትቁም፣ ሳያት ደስ ይለኛል። መሄድ ግን አትሂድ።

አያሌው ድሮ «የይበልጣል እናት» ነበር የሚለኝ። አሁን «አንቺ» ይለኛል። ሌላ መጠሪያ አላገኘልኝም።

ማታ የኔነሽ ደወለች። እግሯ አብጧል።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ረፋዱ ላይ ጣለ። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጣ። ሕፃናቱ ራቁታቸውን እየዘለሉ ይጮኻሉ። ጎረቤታችን እማሆይ ጥሩ ጣሳ ይዘው ከአሸንዳችን ሊቀዱ ገቡ። ሸራውን አዩት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መኪናዋ ናት እማሆይ። እንዳትቆሽሽ ብዬ ነው።»

«በየቀኑ ታጥባለች ሲሉኝ፣ እሰይ፣ በርትታለች ብዬ ነበር።» ሲባጎውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «አጥበሽ፣ ነጭ አልብሰሽ፣ አስረሻታል። ልጄ፣ ይህ መገነዝ ነው። ሬሳ እንጂ መኪና ይገነዛል?»

ጣሳቸውን ሞልተው ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብለው «ለነፍሰ ጡሯም ቅጂላት» አሉኝ።

ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ መፍታት ጀመርኩ። ቋጠሮው ርሶ እምቢ አለ፤ በጥርሴ ፈታሁት። ዝናቡ ይውረድባት አልኩ። በሩን ስከፍት ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። ወንበሩም፣ መሪውም ሻጋታ አብቅለዋል። ከውጭ ሳሳምራት ከርሜ ውስጧን አበላሽቼዋለሁ።

ቁልፉን ለአያሌው ሰጠሁት። የት አገኘሽው አላለኝም። ገብቶ ሊያስነሳት ሞከረ። ጭጭ። «ባትሪዋ ሞቷል» አለ። «ክረምቱን ሙሉ ሳትነሳ።»

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

የኔነሽ በጠዋት ደወለች። ወገቧን ይቆርጣታል። የሕዝብ መኪናው ሁሉ የበዓል ገበያተኛ ሞልቶ ያልፋታል።

አያሌው ጎረቤት ጠራ። አምስት ወንዶች እስከ ቁልቁለቱ ሊገፉልን መጡ። አንዱ «ይቺ መኪና ከሙሽራ ትጸዳለች፤ መሄድ ብቻ ነው ያቃታት» አለና ሳቁ። ደግ ሳቅ ነበር። እኔም ገብቼ ገፋሁ። «አንቺ ተይው» ቢሉኝ አልተውኩም። ጎማዋ እየተሽከረከረ ጭቃውን ጥቁር ቀሚሴ ላይ፣ አፌ ላይ ሳይቀር ረጨው። ቁልቁለቱ ላይ ተንቀጠቀጠች። ጠፋች። እንደገና ተንቀጠቀጠችና ተነሳች።

አያሌው ቶሎ ግቢ ብሎ ጮኸብኝ። ጋቢና ገባሁ።

ደብረ ኤልያስ ደርሰን ስንመለስ የኔነሽ ከኋላ ተጋደመች። «እማ፣ ይህ ሽታ የምንድን ነው?»

«የእኔ ሥራ ነው» አልኳት።

ጉድጓድ በገባን ቁጥር ዞሬ አያታለሁ። «በእናትሽ፣ እንደዚያ አትዪኝ፤ ታስፈሪኛለሽ» አለችኝ። አላቆምኩም።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ትናንት ሆስፒታል አስተኟት። በሩ ያው የታኅሣሡ በር ነው። እግሬ ቆመ። አያሌው ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ሐኪሟ ልጅ ናት፤ ዛሬ ከሰዓት በቀዶ ጥገና እናዋልዳታለን አለች። «ትተርፋለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «እማማ፣ ይህ ለእኛ የየቀን ሥራ ነው» አለችኝ። የየቀን ሥራ። ምነው ባመንኳት።

ልብስና አጥሚት ልወስድ መጥቼ ነው። አጥሚቱ ፔርሙስ ውስጥ ገብቷል፣ ጋቢው ታጥፏል። ከዚያ ቤት ስንት ሆነን እንደምንመለስ አላውቅም። አያሌው ደጅ ላይ ክላክስ ያደርጋል። ሞተሩን ማጥፋት ፈርቷል። እኔም ሳይጠፋበት ልውጣ።