የመቂ መረሬ

እሑድ፣ ግንቦት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

አባባ ዛሬ የምፈራውን ጠየቁኝ። «ያ ኤሌክትሪክ ያሳለፈው አፈሬ አለህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መቂ ካለው ማሳቸው አንድ ጣሳ መረሬ፣ ያን ጥቁር አፈር፣ ልከውልኝ ነበር። መረሬ ሲያዩት ጭቃ ነው እንጂ ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ነው። እኔና የትምህርት ጓደኞቼ በገጾቹ መሀል አኒሊን የሚባል ፈሳሽ አስርገን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር ልንሠራ ነበር። አይ ያ ክረምት! እጃችን አረንጓዴ እስኪሆን ስንለፋ፣ የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ ሲል እንደ ሕፃን ስንጮህ!

መርፌው የተነቃነቀው ግን ከውጭ አገር በመጣው ንጹሕ የሸክላ አፈር ነው። የአባባ አፈር ኖራና አሸዋ በዝቶበት እምቢ አለ። እኔ «አፈርዎ ሠራ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ደብዳቤዬን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ አስነበቡት።

አሁን በመንደር ምሥረታው ከማሳቸው ተነሥተው እኔ ጋ ናቸው።

ያኔ ከውጭው ሸክላ የሠራናትን ክኒን የምታህል አረንጓዴ ቁራጭ ከሣጥን አውጥቼ ሽቦ አስነካኋት። መርፌው ተነሣ። አባባ ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቻለሁ። ከዚያ ጫፏን ቆርሰው፣ ሽንኩርት ሊተክሉ ሲሉ አፈሩን እንደሚፈትኑት፣ በምራቅ አርሰው በአውራ ጣታቸው አሹት። ደጋግመው አሹት። ዐርባ ዓመት ያረሱትን አፈር ጣታቸው አይስተውም።

«የኛው ነው» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

ቁራጯን በመሐረብ ቋጥረው ትራሳቸው ሥር አደረጓት።