ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ሥራ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አጎታችን የምንላቸው ሰው፣ ከጀልባ አናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥር ወር 1948 ዓ.ም. ከጀልባ ማቆሚያው በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ ወንድም ተከተላቸው። እናታቸው ከስፌት መኪናው ስለማይነሡ ታናሻቸውን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1966 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። ለዐሥራ አንድ ዓመት በመርከብ ጥገና ክፍል ካገለገሉ በኋላ ከማቆሚያው አጠገብ የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ።

አሮጌ የጀልባ ሞተር አልነሣ ሲል ሌላው ሰው ባትሪ ሊገዛ ይሮጣል። አጎታችን ግን መጀመሪያ ባለጀልባውን ይጠይቃሉ፦ ሲበርድ ነው ሲግል? ውሃው ሲረጋ ነው ሲናወጥ? ከዚያ ሁለት ሽቦ ባበጁላት ትንሽ አምፖል ከባትሪው ተነሥተው፣ በየመገጣጠሚያው እያቆሙ፣ መብራቷ የደከመችበትን ቦታ ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል በሚሄደው፣ ማሳ በሚባለው ገመድ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጨው በልቶት አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ። «ባትሪው ምን በደለህ? ማሳውን አትጠይቀውም ነበር?» ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በእርሳስ ሳይበየድ ለጊዜው ተጠምዝዞ ናስትሮ የሚባለው የሚጣበቅ የሽቦ መሸፈኛ በተጠቀለለበት ሽቦ ላይ ከእናታቸው የስፌት ቁርጥራጭ ቀይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ትርጉሙ አንድ ነው፦ ይህ ሥራ አላለቀም። ተሳፋሪው ሳይቀር ለመደው፤ ሞተር ላይ ቀይ ጨርቅ ያየ ሰው ወደ ሌላ ጀልባ ይሄዳል። ትዳር ባለመያዛቸውም ጓደኞቻቸው «ሠርጉም ላይ ጨርቅ አስሮበታል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አብረው ይስቁ ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1997 ዓ.ም. የወንድማቸው ጀልባ ሞተር እየተነሣ ይጠፋ ጀመር። ጥፋቱን ከቁልፉ ወደ ነዳጅ መክፈቻው በሚሄደው ሽቦ ላይ አገኙት፤ ያ ሽቦ ከተቋረጠ ነዳጁ ይዘጋል፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል። የተበላውን ቆርጠው ቀጠሉት። መብራት ስለጠፋ ግን መበየጃው አልጋለም። ጠመዘዙት፣ ናስትሮ ጠቀለሉበት፣ ጨርቁን አሰሩ። ስድስት ተሳፋሪዎች መጥተው ጨርቁን አይተው ተመለሱ። ወንድማቸው፣ «ጋሼ፣ ጨርቅህ እኮ ከማዕበል በላይ ሰው ያስፈራል። ፍታልኝና ስመለስ ትበይደዋለህ፤ እዚህ ማዶ ደርሼ ለመምጣት ነው» ብለው ለመኗቸው። አጎታችን እንቢ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ሲለመኑ ግን ፈቱት፤ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ወንድማቸው ሦስት ሰዎች አሳፍረው ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ሞተሩ ከቋጥኞቹ አጠገብ ጠፋ። ሦስቱን ተሳፋሪዎች ሌላ ጀልባ ደርሶ አወጣቸው። ጀልባው ሲላተም ወንድማቸው ሞተሩ ላይ አጎንብሰው እንደነበር የተናገሩት እነርሱ ናቸው። ባለቤታቸውንና የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ትተው በአርባ አንድ ዓመታቸው ሰጠሙ።

ሞተሩ በሦስተኛው ቀን ከውሃው ወጣ። ሽቦው ልክ ከተቀጠለበት ቦታ ተበጥሶ ነበር። ቀድሞ ለቆ ሞተሩን ያጠፋው ይሁን፣ ወይስ ከቋጥኙ ሲላተም የተበጠሰ፣ ማንም መለየት አልቻለም። አጎታችን ሞተሩን ወደ መኝታ ክፍላቸው አስገቡት። በዚያው ዓይነት ሽቦ፣ በዚያው አጠማዘዝ፣ ስልሳ ሦስት ጊዜ ቀጥለው በባሕር ውሃ እየነከሩና እያናወጡ ሰዓት ያዙ። አብዛኞቹ ለወራት ቆዩ። በግማሽ ቀን የለቀቀው አንድ ብቻ ነበር። ራሳቸውን ለመኮነን ያ አንዱ በቃቸው።

ከዚያ ወዲያ አልቋል ያሉት ሥራ የለም። በእርሳስ በበየዱትም፣ አዲስ ባስገቡትም ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ጀልበኞቹ «ጋሼ አምፖል ቢቀይሩም ጨርቅ ነው» እያሉ አንድ በአንድ ሸሿቸው። ወርክሾፑ በ2004 ዓ.ም. ተዘጋ። የወንድማቸውን ልጅ ግን ፊደል ያስቆጠሯት፣ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባም በየማታው ያስጠኗት እርሳቸው ናቸው።

የወንድማቸው ባለቤት በባላቸው ቀብር ዕለት «ጨርቁን የፈታው ማን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። «እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ግቢ እየኖሩ ቃል አልተለዋወጡም። ምሳቸው በየቀኑ በልጅቷ እጅ ይላክላቸው ነበር፤ የላኩት እናቷ ግን ደጃፋቸውን አልረገጡም።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ልጅቷ በገባች ቁጥር ከኋላዋ በሩን ያዩ ነበር። «እናትሽስ?» ይሏታል። «ደህና ናት» ስትላቸው «ደህና ትሁን» ብለው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ከእኚያ ሴት አንድ ቃል ይጠብቁ እንደነበር ነርሶቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ኅዳር 13 ቀን የወንድማቸው ባለቤት እስከ ሆስፒታሉ በር መጥተው ተመለሱ። አጎታችን በማግስቱ፣ ኅዳር 14 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቀጥሎ ያለው በወንድማቸው ባለቤት ጥያቄ የተጻፈ ነው፤ በእናንተ ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብም የፈለጉት እርሳቸው ናቸው። ባላቸው በሰጠሙበት ዕለት ጠዋት ስንቅ ይዘው ወደ ማቆሚያው መጥተው ነበር። ተሳፋሪዎቹ ሲመለሱ አይተው፣ ለባላቸው «ያን ጨርቅ ሳታስፈታ ዛሬም ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» አሏቸው። ባላቸው ሁለተኛ የለመኑት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለዐሥራ ስምንት ዓመት የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አጎታችን ሳይሰሙት ሄዱ።

የወንድማቸውን ባለቤትና አንዲት የወንድማቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል። ጨርቁ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ተገኝቷል፤ ቀለሙ ለቆ ወደ ቡናማ ሄዷል። አሁን በወንድማቸው ባለቤት እጅ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ እኛ ሳንላቸው የቀረነውንም «በቃህ፣ ሥራህ አልቋል» የሚለውን ቃል እርሱ ይንገራቸው።