የሚዜዋ ክንድ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ከጂም ወደ ቤት በባጃጅ። ከኋላ ሦስተኛ ሆኜ ልገባ ስል ሹፌሩ በመስታወት አየኝና፣ «እህቴ፣ አንቺስ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ስወርድ የአንድ ሰው ብቻ ተቀበለኝ። «ቀልድ ነው፣ እንዳትመቺኝ» አለኝ ደግሞ። ማንን መትቼ አውቃለሁ? ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዐይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ።

ሰፈር ልንደርስ ስንል ሻርፔን ደርቤ ነበር። የአዳማ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ እኔ ሻርፕ! እማዬ ጎረቤት መሀል ክንዴ ሲታይ አይመቻትም። «ሰው ምን ይላል?» ነው ሁልጊዜ። ሰው የሚለውን እኮ በቀን አሥር ጊዜ እሰማለሁ። ትናንት አንዱ የመኪና እጥበት ልጅ «ሲኖትራክ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ሲል ነበር።

ሲጀመር እንዲህ ጡንቻማ ልሆን አላሰብኩም። ባንክ ቤት ስቀመጥ ውዬ ወገቤን አመመኝ፣ ሐኪሙ «ተንቀሳቀሺ» አለኝ፣ ተንቀሳቀስኩ... አሁን ባንኩን ትቼ ጂም ውስጥ ሌሎች ሴቶችን የማንቀሳቅስ እኔ ነኝ። እውነቱን ልጻፍ? ጀርባዬን በመስታወት ሳየው ደስ ይለኛል። ለማንም አይነገርም ይሄ።

የሚልካ ሠርግ ተቆረጠ፤ ጥር 17። ታናሽ እህቴ ልታገባ! የመጀመሪያ ሚዜዋ እኔ ነኝ። ይሄን ስትነግረኝ አንገቷን አቅፌ አነሳኋት፣ «ቲቲ፣ አጥንቴ!» ብላ ጮኸች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ከሚልካና ከሌሎቹ ሁለት ሚዜዎች ጋር ልብስ ልንለካ ዙለይካ ቤት። ወሎ ተወልዳ አዳማ ያደገች ልብስ ሰፊ ናት፣ የሰፈራችን። ምላሷ ከመቀሷ ይበልጥ ይቆርጣል። የሚዜዎቹ ቀሚስ ፒች ቀለም ነው፣ በቀጭን ማንገቻ የሚያዝ፣ ክንድና ጀርባን ሜዳ ላይ የሚጥል። ሚልካ ከስልኳ ላይ የመረጠችው።

ዙለይካ ሜትሩን ክንዴ ላይ ጠመጠመች። ቁጥሩን አነበበች። እንደገና አነበበች።

«አንቺ፣ ይሄ ክንድ ነው ጭን?»

«ክንድ።»

«የባሌ ጭን እንዲህ አይሞላም።»

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም። ሚልካ ስልኳን ታያለች።

ኋላ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት። «ዙለይካ፣ ሳትዋሺ፣ ያምራል ያስጠላል?» ጨርቁን በጠመኔ እያሰመረች፣ «ከኋላ ሳይሽ እፈራለሁ፣ ከፊት ሳይሽ እስቃለሁ። ማማሩን እንጃ። እኔ የምቀደው ጨርቅ ነው፣ አላህ የሰፋውን አልነካም» አለች። መልስ ነው ይሄ? ግን ወደድኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ጉድ! ሱሃይላ የምትባል ሠልጣኜ፣ ከብረቱ ተንጠልጥዬ ራሴን ወደ ላይ ስስብ ከኋላዬ ቀርጻኝ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ሁለት ቀን አላወቅኩም። ዛሬ ሥጋ ቤት ስገባ ባለ ቢላዋው ስልኩን አዞረልኝ። «አንቺ ነሽ አይደል? ስታዲየም ሙሉ ሰው አይቶሻል።»

ቤት ገብቼ አስተያየቱን በሙሉ አነበብኩ። ሞኝ ነኝ። አንዱ «ወንድ ነው፣ ዊግ አድርጎ» ይላል። ሌላው «ይቺን ያገባ ዘበኛ አይቀጥርም»። አንዷ ሴትነቷን ሸጠች አለችኝ፤ ለማን እንደሸጥኩት ግን አልጻፈችም። «ጀርባዋ ላይ ካርታ ይሳላል» ያለውን ወደድኩት። አንድ የአሰላ ልጅ ስልክ ቁጥሩን ትቶልኛል። «ሴት ልጅ ሸንቃጣ ስትሆን ነው» የሚሉት ከ«ሴት ልጅ ሞላ ስትል ነው» ባዮቹ ጋር እዚያው ተጣልተዋል፣ እኔን ረስተው። በዚህ በጣም ሳቅኩ።

ያላሳቀኝ አንድ ብቻ። «እናቷ ስታያት ምን ትል ይሆን?»

እናቷ ማዶ ክፍል ምስር ትለቅማለች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ታፍሪብኛለሽ?»

እማዬ ስታስብ መነጽሯን ታወልቃለች። አወለቀችው።

«በሰባት ወርሽ ነው የመጣሽው። ክንድሽ የኔን አውራ ጣት አያክልም ነበር። ትሞታለች አሉኝ። እኔ፣ ጌታ ሆይ ይህችን ልጅ አጠንክርልኝ ብዬ ስለምን ከረምኩ።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «መጠኑን ግን አልነገርኩትም።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሷም። ከዚያ ዐይኗ እንባ አቀረረ፣ «የሚያገባሽ ሰው እንዳይፈራሽ ብዬ ነው እንጂ...» አለች። ማፈሯን አላመነችም፣ አልካደችምም። ይሁን። ልቤ ግን ቀለለ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ሚልካ ክፍሌ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእጮኝነት ቀለበቷን ታሽከረክራለች።

«ቲቲ... ቀሚሱ ላይ ጃኬት ነገር ብትደርቢስ?»

«ሚዜዎቹ ሁሉ?»

«አይ... አንቺ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ወጥታ ስትሄድ ግን ቪዲዮውን ከፍቼ እንደገና አየሁት። የጋሮምሳ ቤተሰብ ናቸው በቃ። ባሏ ሊሆን ነው ጋሮምሳ፣ እናቱ አርሲ ነገሌ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፣ ቪዲዮውን አይተው ይሆናል፣ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት» ብለው ይሆናል። ሺህ ሰው ቢሰድበኝ እስቃለሁ። ሚልካ ስታፍርብኝ ግን... ያዘልኳት ልጅ እኮ ናት!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ጃኬት። በጥር። አዳማ ላይ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ሚልካ ለአማቷ የጥሪ ካርድ ልታደርስ፣ እኔም አጅቤያት አርሲ ነገሌ ደርሰን መጣን። ስንሄድ ብዙም አላወራንም። ረጅም እጅጌ ለብሼ ነበር፣ አኩርፌ።

የጋሮምሳ እናት አዴ ጋዲሴ ከሱቃቸው በር ላይ ሲያዩን እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ! ኮቱ፣ ኮቱ!» ልጄ፣ ነይ ነይ እያሉ። ሚልካ ለመሳም ጎንበስ አለች። እሳቸው አልፈዋት ወደ እኔ! ክንዴን ያዙ፣ ስንዴ እንደሚመርጥ ሰው በሁለት ጣታቸው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ።

«እህል በረንዳው ሁሉ አይቶሻል፣ ታውቂያለሽ?»

«አሳፈርኩዎት ይሆን?» አልኳቸው። ድምፄ ቀጥኗል።

«የምን ማፈር! ቆንጆ ነሽ አልልሽም፣ መዋሸት አልወድም። እኔ ሴት ለስለስ ስትል ነው የምወደው። ግን ካንቺ ዐይን አይነቀልም!»

ጎረቤት ተጠራ። ምን ትበያለሽ? ሲነኩት ያማል? ስትተዪው ይረግፋል? እጅጌሽን ሰብስቢ እስቲ! ሰበሰብኩ። እልል ያለችም ነበረች። ምሳ ቀረበ፣ አሁንም ስለ እኔ። ኩርፊያዬ በኖ ጠፋ። ከሳቸው አይደለም ማለት ነው! በደስታ እንደ ልጅ ለፈለፍኩ። ሚልካ ካርዶቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ስለ ሠርጉ የጠየቃት ሰው ነበር? አሁን ሳስበው አልነበረም።

ስንመለስ ላንጋኖን አለፍን። ባቱ ልንደርስ ስንል፣

«አፍሬብሽ መስሎሽ ነው አይደል?» አለችኝ በመስኮት እያየች።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሰማሻቸው አይደል? ዐይን አይነቀልም። ቪዲዮሽን ለአማቴ የላክሁላቸው እኔ ነኝ ቲቲ። እኮራብሻለሁ። ግን አብረን በወጣን ቁጥር የሚታየው አንቺ ነሽ። የሚያደንቅም አንቺን፣ የሚሰድብም አንቺን። እኔ ቦርሳ ያዥ ነኝ። ሠርጉ የኔ ነው...» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንድ ቀን እኔን ይዩኝ።»

ስንቱ አስቀያሚ ሲለኝ፣ ስንቱ ሲሸሸኝ፣ አጠገቤ ደግሞ የዚህን ዐይን ግማሹን የምትመኝ እህቴ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ነገር ይቀናበታል እንዴ? ደግሞ እሷ ናት እኮ ቆንጆዋ! ከልጅነታችን ጀምሮ ቆንጆዋ እሷ ናት። እሷ ቆንጆ ስትባል እኔ ጨዋ እባል ነበር።

«ጃኬት አይደለም ብርድ ልብስ እለብስልሻለሁ» አልኳት። ንፍጧና እንባዋ ተደባልቆ ሳቀች። እጄን እንደያዘች አዳማ ገባን።

ዓርብ፣ ጥር 2

ዙለይካ ተቆጣች። «በዚህ ሙቀት ጃኬት? ማን ተናገረሽ? ንገሪኝና ምላሱን ልስፋለት!»

«ማንም። እኔ ነኝ የፈለግኩት።»

እውነቴን ነው። አየችኝ፣ አየችኝና ሜትሯን አነሳች። «ስስ ጨርቅ አደርግልሻለሁ። ትከሻው ላይ ግን ትርፍ እተዋለሁ፣ እልል ስትዪ እንዳይቀደድ።»

ዓርብ፣ ጥር 16

ነገ ነው። እማዬ ሦስት ጊዜ አለቀሰች፣ አንዱ በሽንኩርት ነው ትላለች።

ሰኞ፣ ጥር 19

ደክሞኛል፣ ግን ሳልረሳው ልጻፍ።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን። ሚልካ ስትገባ ኳየሩ ቆሞ ዘመረ። ሰው ሁሉ ዞረ፣ ዐይኑ ሁሉ እሷ ላይ። ከኋላዋ ቬሏን ይዤ ስለነበር አየሁት። ፊቶቹ ሲበሩ አየሁ። ጀርባዋ ቀጥ አለ፣ አንገቷ ረዘመ። እኔ ላይ የዞረ ዐይን ቢኖር አንድ ሁለት ነው። ላቤ በወገቤ ይወርዳል፣ እኔ ደስታ በደስታ።

እሑድ የጋሮምሳ ቤተሰብ ድግስ አርሲ ነገሌ። በመንገዳችን ላንጋኖ ለፎቶ ወረድን። አንዱ የጋሮምሳ ጓደኛ «ቪዲዮ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ? ጃኬቱን አውልቂና አንድ ሰልፊ!» አለኝ። «ዛሬ የሚታየው ሙሽራዋ ነው» አልኩት። ካሜራ ማኑም ለመነኝ፣ አሻፈረኝ አልኩ። አዴ ጋዲሴ ድግሱ ላይ «ክንዱን የት ደበቅሽው?» ብለው ጮኹ። «አበደርኩት» አልኳቸው። ሳቁና ወደ ሚልካ ዞሩ፣ ቀሚሷን ዳሰሱ፣ ጸጉሯን ዳሰሱ፣ «ባሬዱ ኮ! ቆንጆዬ!» አሏት። ሚልካ ከወዲያ ማዶ አየችኝ። ዐይኗ እንዴት ይስቃል!

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሁለታችን፣ ጋሮምሳ ከሹፌሩ ጎን። መኪናው እሳት ነው። «አሁንስ ሠርጉ አለቀ፣ አውልቂው» አለችኝ ራሷ። አወለቅኩ። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። መቂ ላይ ነው የነቃሁት። ሚልካ አሁንም ተኝታ ነበር፣ አላንቀሳቀስኳትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ዛሬ ሙሽሮቹ ቤት ምሳ ተጠራን፣ እማዬና እኔ። ልንወጣ ስንል እንደ ልማዴ ሻርፔን ፈለግኩ። እማዬ በር ላይ ቆማ፣ «በዚህ ሙቀት ምን ያደርግልሻል? ነይ፣ ረፈደ» አለችኝ። አስባበት ነው ያለችው? ደግሜ አልጠየቅኩም፣ ሐሳቧን እንዳትቀይር። ጎረቤቱን ሁሉ በእጀ ጉርድ ልብሴ ሰላም እያልን አለፍን። እማዬ ክንዴን ይዛ ነበር የምትሄደው።

በሚልካ ሳሎን ውስጥ ገና ያልተሰቀለ አንድ ትልቅ ፎቶ ግድግዳ ተደግፏል። የቤተ ክርስቲያኑ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይ ላንጋኖ ዳር ቬሏ ሲበር የተነሳችው። አይደለም። ጋሮምሳ መኪና ውስጥ ዞሮ በስልኩ ያነሳን ነው። ሁለታችንም ተኝተናል። የኔ አፍ ተከፍቷል። ሚልካ ቬሏ ተጣሞ፣ ኩሏ ፈስሶ፣ ጉንጯን ራቁት ክንዴ ላይ ጥላ። ክንዴ የፎቶውን ግማሽ ይዟል።

«ስንት የሚያምር ፎቶ እያለሽ!» አልኳት። «ደግሞ ዐይኑ ሁሉ ክንዱ ላይ ነው የሚሄደው። አንቺን ማን ሊያይሽ?»

«ክንዱን ያያሉ» አለች ሳህን እያቀረበች። «የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክንዱን ነው የሚያየው። ከዚያ፣ እዚህ ላይ እንዲህ ተመችቷት የተኛችው ማናት ይላል። እኔ ነኛ! እላለሁ።»

እማዬ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ጋሮምሳ ምስማርና መዶሻ ይዞ መጣ። ግድግዳው ጠንካራ ነው፣ ሁለት ምስማር አጣመመ። ሦስተኛውን እኔ መታሁት።