በእሳቱ ሰ የተጻፈ ተረት

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም.

ይድረስ እጮኛዬ ለነበርከው፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የአዲስ አበባው ኑሮ እንዴት ይዞሃል? እኔ ለላሊበላው አምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ደኅና ነኝ፤ ምክንያቱን ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፣ አብሽር።

ከሥሩ ልጀምርልህ፣ አንተ መርሳት ታውቅበታለህና። ጅብ ጎሕ እንዳይቀድ ብሎ የአውራ ዶሮን አፍ ያሰረበትን ተረት የነገሩኝ የሙጃዋ አክስቴ፣ እትዬ አሰለች ናቸው። ወደ ጨዋታ የለወጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤቱ ልጆች ካርቶን ቆራርጬ አንዱን ጅብ፣ አንዷን ዶሮ፣ ሌላውን አህያ አደረግኋቸው። ቁጭ ብሎ መስማት የለም፤ ሁሉም የደረሰውን ሆኖ ይናገራል፣ ይለምናል፣ ይዋሻል፣ መጨረሻውን ራሱ ያመጣዋል። መንገድ የዘጋብህን «እንቆቅልህ» ትለዋለህ፤ መመለስ ካቃተው አገር ይሰጥሃል። አንተም የምታስጎበኘው ቱሪስት የጠፋ ቀን እየመጣህ ትጫወት ነበር። ጅብ የደረሳት ልጅ «ኩልመስክን ልስጥህ» ስትልህ «አይበቃኝም፣ ሙጃንም ጨምሪ» ብለህ ያስለቀስካት ትዝ ይለኛል። የዚያን ጊዜ ስቄ ነበር። መጨረሻ ላይ ፀሐይዋን ያወጣው ተጫዋች ብድግ ብሎ «ሠረቅኩ!» ይላል፤ ወጣሁ፣ በራሁ ማለት ነው። ይህችንም ቃል የሰጡኝ እትዬ አሰለች ናቸው።

ጨዋታውን የጻፍኩበትን ደብተሬን «ወልድያ ወስጄ በኮምፒውተር ላስጽፍልሽ» ብለህ ወሰድክ። ሰው እጮኛውን ካላመነ ማንን ያምናል? አንተም ደብተሩም በዚያው ቀራችሁ። በዓመቱ ድምፅህን በሬዲዮ ሰማነው፤ በጨዋታዬ ተሸልመሃል። «ከአያቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የሰማሁት ተረት ነው» አልክ። ኧረ በላሊበላ! አያትህ የሞቱት አንተ ሳትወለድ ነው! እትዬ አሰለች ሬዲዮውን አየት አደረጉና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አሉ። ተረት በጨረሱ ቁጥር ለልጆች የሚሏት ናት፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ተረት ንገሩን ሲባሉ «ተወስዷል» ብቻ ነበር መልሳቸው። እኔ ሽልማትህን አልፈለግሁም። ስማቸው ጨዋታው ላይ እንዲጻፍ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ኅዳር ላይ ደወልክ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ልቤ ድንግጥ አለ፣ እኔ ሞኟ! አንተ ግን «ሠረቅኩ» በየትኛው ሰ እንደሚጻፍ ልትጠይቀኝ ኖሯል። ጨዋታው የሚሸጥበት ሳጥን ላይ በትልቁ ሊታተም ነው፣ ደብተሩ ላይ ውኃ ፈሶበት ፊደሉ ጠፍቷል፣ አንቺ የመሪጌታ ልጅ ነሽ አትሳሳቺም አልከኝ። ከሥሩ የማን ስም ነው የሚጻፈው ብዬ ጠየቅሁህ። የኔ ነዋ አልክ። የእትዬ አሰለችስ ብልህ ሳቅ ብለህ፣ ለእሳቸው አንድ ጥሩ ነጠላ እገዛላቸዋለሁ አልከኝ።

እትዬ አሰለች ከሞቱ ሃያ ቀናቸው ነበር። አልነገርኩህም። በእሳቱ ሰ ጻፈው አልኩህ።

ለትምህርት ቤቱ የላክኸውን ሳጥን የከፈትኩት እኔው ነኝ። በቀይ ቀለም «ሰረቅኩ» ይላል፣ ከሥሩ ስምህ ከነአባትህ። በቀጥታ ለአባቴ ለመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት፤ ከዚያ «ይኼ ልጅ ንስሐ ገባ እንዴ?» አሉኝ። ፀሐይ የምትሠርቀው በንጉሡ ሠ ነው፤ በእሳቱ ሲሆን ሌብነት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አልሰማህም? እኔ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ስቄ ስጨርስ ደግሞ አለቀስኩ።

እነሆ ዛሬ ጨዋታህን ልታስመርቅ መጣህ፤ አዳራሹም ሙሉ ነው። ካህናቱ ከፊት ናቸው፣ ልጆቹ ከኋላ። ወንበሩን የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ወንበርህ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። የሳጥኑን ጽሑፍ ጮክ ብለህ እንድታነብ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቼልሃለሁ። ስሕተት ነው፣ በሌላኛው ሠ ነው ብትል፣ ከአያትህ የሰማኸውን ቃል እንዴት ሳታውቀው ቀረህ ይሉሃል። እንደተጻፈው ካነበብከው እልልታውን የምጀምረው እኔ ነኝ። ሌላም መንገድ አለህ፤ የማን ተረት እንደሆነ ተናገር። አፍህ ከቻለው።

ቅዱስ ላሊበላ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ሳጥኑን የገዛ ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ ከስምህ ሥር ያስፈርምህ። አሜን በል።

በል ቀና በል፣ እየጠሩህ ነው።

እጮኛህ የነበርኩት