የሱቅ መስኮት የምታይ ይመስለኝ ነበር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት ብርድ ነበር፤ ከሰዓት ፀሐዩ ከረር አለ። ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጃችን ሰላምና ወንድምህ ግርማ ነበርን።

ታዴዬ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሷል፤ አሁን ቡልጋሪያ አካባቢ ተከራይተን ነው ያለነው። የጋራዥ ቱታህን አጥቤ ይዤው መጣሁ። ሰላም ለምን ብላ ጠየቀችኝ፤ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከባምቢስ ወደ ቤታችን ዳገቱን ስንወጣ ትዝ ይልሃል? ትቆም ነበር። አንዴ ሰዓት ቤት፣ አንዴ መጋረጃ ቤት፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ መስኮት ታያለህ። ዕቃ ያማረህ መስሎኝ እስቅብህ ነበር። ጨጓራ ነው ትለኛለህ፤ እኔም ተልባ በጥብጬ አጠጣሃለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ ቀን ከአንድ ቁራጭ ላይ አነበብኩልህ፤ ዳገት ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚተው የደረት ሕመም ከልብ ሊሆን ይችላል ይላል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ተቀዷል። «አንቺ ደግሞ በስኳር መጠቅለያ ልታክሚኝ ነው?» ብለህ ሳቅህ። አብሬህ ሳቅሁና ዝም አልኩ። 

የወደቅህ ቀን ምሳህን ይዤ ጋራዡ በር ላይ ደርሼ ነበር። የመኪና ባትሪ ተሸክመህ ነበር። ሰው ተሰበሰበ፤ ክብሪት ጭረው አፍንጫህ ሥር ያዙ፣ ውሃ ረጩህ፤ እኔ በነጠላዬ አራገብኩልህ። ደረትህን የተጫነ አንድም ሰው አልነበረም። አናውቅማ። በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ አስረዳኝ። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ለዓመታት ሲጠብ ኖሯል፤ ልብ ደም ሲያጥራት የምትመታበት ኤሌክትሪክ ይዛባል፣ በድንገትም ትቆማለች። አንተ ብትሆን ቶሎ ይገባህ ነበር፤ የነዳጅ መስመሩ ስለተደፈነ ሞተር ስንት ጊዜ አውርተህልኛል። ወዲያው ደረቱን እየተጫኑ ቢያመጡት ምናልባት፣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህቺን «ምናልባት» የምትል ቃል የትም ሳያት ዘልያት አነባለሁ።

የምጽፍልህ በግርማ ምክንያት ነው። ዛሬ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። የሙሽራ ቀሚስ ቤት መስኮት ፊት። ወንድምህ፣ የሙሽራ ቀሚስ። ጥቂት አረፍ ብሎ ተሻለው። ቤት ስንገባ፣ «እትዬ፣ ጨጓራ ነው፤ ተልባ ካለሽ ስጪኝ» አለ። ሰላም ልትበጠብጥለት ተነሣች። ብርጭቆውን ከእጇ ወሰድኩና፣ «ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፤ እምቢ ካልክ ደጅህ ላይ እቀመጣለሁ» አልኩት። እንዲህ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም።

አንተን የማስታውስህ በተዝካርህ ቀን ብቻ አይደለም። ሰው መስኮት ፊት ሲቆም ባየሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ ዝምም አልልም።

ሐሙስ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግርማን ከደጁ ወሰድኩት። ዳገቱን በእግሩ እንዲወጣ አልፈቀድኩም፤ በታክሲ ሄድን። ካርድ አወጣሁ። ነርሷ ምን እንደሚያመው ስትጠይቀው ጨጓራ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት፤ ደረቱን ነው፣ ዳገት ሲወጣ ነው፣ ወንድሙም እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው አልኳት። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስሙ ሲጠራ ነጠላዬን አስተካክዬ አብሬው ተነሣሁ።