አምስት መስኮት ያለው ጣቢያ፤ የአቶ ሸዋንግዛው ደምሰው የሕይወት ታሪክ (1957–2018 ዓ.ም.)

አቶ ሸዋንግዛው ደምሰው ከአባታቸው ከኤረር ባቡር ጣቢያ ሹም ከአቶ ደምሰው ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦሰና አየለ ታኅሣሥ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ኤረር ውስጥ፣ ከሐዲዱ ሃያ ሜትር በማይርቅ የጣቢያ ቤት ተወለዱ።

ድሬዳዋ ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነውም ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ምድር ባቡርን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። በ1984 ከወይዘሮ ሙኒት ታደሰ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሕሊናንና ብሩክን ወለዱ። የባቡሩ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በ1996፣ ወደ ሳውዲ ሄደው ደማም በጥገና ሥራ ተቀጠሩ፤ የሚኖሩት ኾበር፣ አል ዑለያ ነበር።

እዚያ እንደ እርሳቸው ባቡር ከሚወዱ ሾፌር፣ ከአቶ ከፈለኝ ጋር ተወዳጁ። በ2000 ዓ.ም. የአባታቸውን ጣቢያ ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሰው መሥራት ጀመሩ። የኤረር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነና ሱቅ ያገኙት የሞዴል ሐዲድ ስለሚሰፋ፣ እያንዳንዱን ሐዲድ በእጃቸው አነጠፉ። አቶ ከፈለኝ ዕቃ ያፈላልጉ ነበር፤ ሥራው የሚቀመጠውም አል ዐዚዚያ፣ አቶ ከፈለኝ በሚሠሩበት ግቢ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ አቶ ሸዋንግዛውም ቁልፉን ለእርሳቸው ሰጥተው ነበር።

የጣቢያውን ቤት በሜትር ለክታ የላከችላቸው ልጃቸው ሕሊና ናት። ስድስተኛው መስኮት በተከመረ የሐዲድ እንጨት ተጋርዶባት አምስት ብላ ጻፈች። ስህተቱ ሲነገራቸው፣ ግማሽ ሚሊሜትር የማያልፉት አባት፣ «ልጄ የለካችውን አላፈርስም» አሉ።

ሥራው አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። ለኹሩጅ፣ ለመጨረሻው የመውጫ ፈቃድ፣ ሲበቁ ይዘውት አገር ገብተው፣ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጡረተኞች ዕድር አዳራሽ፣ ከአባታቸው ስም ጋር ሊያኖሩት ነበር። በ3 ሜትር ከ60 በ1 ሜትር ከ10 ጠረጴዛ አሠርተው ወደ አዳራሹ ላኩ። አቶ ከፈለኝም በስልክ ለወይዘሮ ሙኒት፣ «እትዬ ሙኒት፣ እኔ ራሴ አሽጌ አስጭነዋለሁ» ብለው ቃል ገብተው ነበር።

በጥር 2017 ኾበር ውስጥ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ማኅበር ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ ጣቢያውም ለዕይታ ቀረበ። ቀጥሎ ያለውን የነገሩን በቦታው የነበሩት አናጢ፣ አቶ ኢስሀቅ ናቸው። አንድ ጎብኚ በዐረብኛ ማን እንደሠራው ሲጠይቅ አቶ ከፈለኝ «እኔ» አሉ፤ አቶ ሸዋንግዛው ከኋላቸው ቆመው ነበር። ጎብኚው ግድግዳው ላይ ያለውን የእውነተኛውን ጣቢያ ፎቶግራፍ እያሳየ መስኮቱ ለምን አምስት እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ከፈለኝ ወደ ፎቶግራፉ ጠጋ ብለው መስኮቶቹን ቆጠሩ። ያን ጊዜ አቶ ሸዋንግዛው በአማርኛ፣ «ከፌ፣ ሕሊና ናት የረሳችው በላቸው» አሏቸው። አቶ ከፈለኝም፣ «ኸላስ፣ በቃ ሸዌ፣ ሰው ፊት ሙሽኪላ አታንሳብኝ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በወሩ ሥራውን በራሳቸው ስም ለማኅበሩ አበረከቱት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

አቶ ሸዋንግዛው አልከሰሱም፤ መሣሪያቸውንም ዳግም አላነሡም። ደውለን ስንጠይቃቸው፣ «ሌባ ቢሆን እቆልፍበት ነበር፤ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉን።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ደማም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

ቤተሰቡ በዚህ ጉባኤ ፊት የሚያስመዘግበው አንድ ነገር አለ። ኾበር ያለው፣ አምስት መስኮት ያለው የኤረር ጣቢያ የሸዋንግዛው ደምሰው የእጅ ሥራ ነው። ለጣቢያው የተሠራው ጠረጴዛ ባዶውን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ትናንት ከኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ የመጣው አስከሬናቸው አደረበት።

ያለ ሐሰት የሚለካ አምላክ የድካማቸውን ዋጋ በእጁ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር በሰላም ያሳርፍ። አሜን።