የዘይነባ ድምፅ የት ይቀመጥ

ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

መብራት 9 ሰዓት ላይ መጣ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ዛሬም ያው ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም። እማዬ መደቡ ላይ ሆና ሰማችው። አንዱ ዓይኗ በሽፋን፣ ሌላው ገና በሞራ ስለሆነ ቤቱን የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። ታሟል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አርጅቷል አልኳት።

ደብተሬ፣ ለአንተ ልጻፈው። ዘ. ሞታለች። ታናሽ እህቴ ዘይነባ፣ ጅዳ፣ ሰው ቤት ስትሠራ። ሦስት ቀን ታመመች፣ እዚያው ተቀበረች። አብራት የምትኖር ልጅ አቀስታ ላለው አጎቴ ደወለች፣ አጎቴ ትናንት ለእኔ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። እማዬ አልሰማችም። ደሴ ሄዳ የዓይኗ ሞራ የተገፈፈላት ገና በቅርቡ ነው። ሐኪሙ ማልቀስም መጎንበስም ከልክሏታል፤ ሶላቷን እንኳ የምትሰግደው ተቀምጣ ነው። ጥር 20 ሐኪሙ እስኪያያት መርዶው ይቆይ አሉ አጎቴ። ይቆያል። እኔም እስካሁን አላለቀስኩም። ሲፈቀድ ይመጣ እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሃያ ሦስት የዘ. ድምፆች አሉ። አሠሪዎቿ እንደልብ ስለማያስደውሏት ስልኳ ላይ ትቀዳና ሚሞሪ ካርዱን ወደ አገር ለሚገባ ሰው ትሰጣለች። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ እገለብጣለሁ፤ ካርዱን አጥፍቼ ባዶውን በሚሄድ ሰው እልክላታለሁ። እሷ ደግሞ ትሞላዋለች። ሦስት ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው። የመጨረሻውን ካርድ ያጠፋሁት አጎቴ ከመደወላቸው አንድ ቀን በፊት ነው። እንደ ልማዴ።

ስለዚህ ያለችው እዚህ ቀጭ ቀጭ የሚል ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሣጥኑንም የገዛችልን እሷ ናት።

በማስተምርበት ት/ቤት ትዕግሥትን ጠየቅኋት፤ የአይሲቲ መምህርት ናት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። የሚጮኸው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ ቶሎ በይ አለችኝ። ሲዲ ይጫራል። ፍላሽ ቫይረስ ይገባዋል። ኢሜል በዚህ ኔትወርክ ለአንድ ድምፅ ግማሽ ቀን። አንዱን ብቻ አትመኚ፣ ሦስት ቦታ አድርጊ፣ ቢያንስ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን አለች። ቤት ቢቃጠልስ? የእኛስ ተቃጥሏል ልላት ነበር። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ

ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግኩ። በሁለት ሰከንድ አለቀ። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ፍላሹን ከፍቼ ሞከርኩት። ይሠራል። ዘ. ስለ አሠሪዋ ድመት ታወራለች፤ ድመቷ ከእሷ የተሻለ እንደምትበላ፣ ሐኪም ቤት በመኪና እንደምትሄድ። እማዬ ሳቀች፣ ወዲያው ዓይኗን በእጇ ደገፈች። ስለ መሳቅ ሐኪሙ ምንም አላለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልብስ አጠብኩ።

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ

ፍላሹን ት/ቤት ከፈትነው። ምንም የለበትም። ትዕግሥት ስክሪኑ ላይ ትንሿን ቀስት አሳየችኝ። የገለበጥኩት ሾርትከት ነው፤ ድምፁን ሳይሆን ድምፁ ያለበትን አድራሻ። ቤት የሠራው ከኮምፒውተሩ እያነበበ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ ዳነች ብዬ ስዞር ነበር። ኮፒ ያደረግሽውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳትከፍቺ አትመኚው አለችኝ። መናደድ ነበረብኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ቅጠል ክፍሎች አስተማርኩ።

ጥር 3፣ ዓርብ

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ብርዱ ለጉድ ነው። እማዬ የዘይነባን ድምፅ ክፈቺልኝ ትላለች። መብራት የለም እላታለሁ። አብሽሪ ልጄ፣ ይመጣል ትለኛለች። እኔን ነው የምታጽናናው።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ተነሣ። አሁን ድምፆቹን ራሳቸውን፣ አንድ በአንድ። አሥራ ዘጠነኛው አልሄድ አለ። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። ቀረ። የምትለውን አውቀዋለሁ፤ ለዒድ ጫማ ልትልክልኝ ቁጥሬን ትጠይቀኛለች። ጫማው አሁን እግሬ ላይ ነው።

ሃያ ሁለቱ ተገለበጡ። ፍላሹን አቀስታ በሚያልፍ ሚኒባስ ለአጎቴ ላክሁ። ሲዲ አስጻፍኩ፤ ትዕግሥት ከፍታ አረጋግጣ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችው። ለሦስተኛው ምን ላድርግ ስል ካርዱ ትዝ አለኝ፣ ያ ባዶው። ሞላሁትና እማዬ ስልክ ውስጥ ከተትኩት። ስልኳ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል። መብራት ኖረም ጠፋም ታዳምጣለች። ከሁሉም የተሻለው ዘዴ ይኼ ነበር፤ ቀድሞ አልታሰበኝም።

ጥር 9፣ ሐሙስ

አጎቴ ደወሉ። ፍላሹ እሳቸው ዘንድ ይሠራል። አንዱን ግማሽ ድረስ እንደሰሙ ነገሩኝና ስልኩን ዘጉት። እማዬ ቀኑን ሙሉ የድመቷን ወሬ እየመለሰች ትሰማለች። እኔ ኩሽና እሆናለሁ።

ጥር 13፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

የጎረቤታችን ልጅ ሰዓዳ ለዕረፍት መጥታ ነበር፤ ነገ ወደ ጅዳ ትመለሳለች። ልትሰናበት መጣች። እማዬ ለዘ. የሚሄደውን በሶ ቋጥራ አዘጋጅታለች። ካርዱን ከስልኬ አውጪና ስጫት አለችኝ፣ እንደ ወትሮው።

ይኼኛው እዚሁ ይቆይ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ አልኳት። ሰዓዳ መሬት መሬት ታያለች። ታውቃለች። ጅዳ ያሉት ነግረዋታል።

እማዬ የስልኩን ጀርባ በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ፦

«ካርዱ ካልሄደ በምን ትናገራለች?»

ሌላ ካርድ ገዛች ማለት ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሃያ ቀን ስዋሽ ኖሬ ይቺን አጣሁ። ሰዓዳ ተነሥታ ወጣች። በሶውን አልያዘችውም።

4፡30

እማዬ ከመደቡ አልተነቃነቀችም። ሁለት እጇን የዓይኗ ሽፋን ላይ ጭናለች፣ አጥብቃ። ቡና ላምጣልሽ አልኳት፣ አልፈለገችም። ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፤ አልከፈተችውም። ኋላ እንዲህ አለችኝ፦

«አጎትሽን ጥሪልኝ። እስኪመጣ አላለቅስም።»

ደወልኩላቸው። ነገ ሳይነጋ ሽማግሌ ይዘን እንደርሳለን፣ መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፣ እስከዚያ አፍሽን ዝጊ አሉኝ። ዓይኗስ አሉ። እስከ ነገ እንዲህ ተጭናው ልትቀመጥ ነው? አይሆንም አልኳቸው። እሳቸውን እንዲህ ብያቸው አላውቅም። እኔው እነግራታለሁ፣ አሁን፣ እጇን ይዤ። እንባዋን የምጠርግበት ንጹሕ ጨርቅ አፍልቼ አውጥቻለሁ፤ ሐኪሙ ለማጽጃ እንዳዘዘው። ኮምፒውተሩን ነቅያለሁ። መጀመሪያ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እጇን ከዓይኗ ላይ ቀስ አድርጌ አነሣለሁ፣ ከዚያ የዘይነባን ስም እጠራለሁ።